ላይኛው ተዘግቷል?

በየዘመድ አዝማዱ ቧንቧ የሚያዳምጥ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው እንግዳ ሰላም ብሎ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ጤና ይጠይቃል። እርሱ ግን ደጃፉ ላይ ቆሞ ጆሮውን ያቀናል። «ይሄ ድምፅ ከመቼ ወዲህ ነው?» ይላል። ምንም ድምፅ የለም። እርሱ ከጠየቀ በኋላ ግን መሰማት ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር ለቤቱ ሰው እርም ነው።

በዚህ ቤት ማዕረጉ የአያትየው ነው። ሊቀ ቧንቧ ይሏቸዋል፤ እርሳቸው በሌሉበት። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱን ለልጃቸውና ለምራታቸው ለቀው ማዶ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ቤቱን ለቀቁ እንጂ ቧንቧውን አልለቀቁም። ዝናብ ሊገባ ሲል አሸንዳ ሊጠርጉ፣ ሲያባራ ዝገት ሊያዩ፣ ብርዱ ሲጠና የውሃ ማሞቂያውን ሊያጥቡ፣ ሙቀቱ ሲመጣ ደግሞ «ላስቲክ በሙቀት ይደርቃል» ብለው ከች ይላሉ። ወቅት የሚለወጠው በሰማይ ሳይሆን በእርሳቸው እግር ይመስላል።

«ዶክተሩ መጡ፤ ቧንቧ ሁሉ ተደበቅ!» ይላል ልጃቸው፣ አመድማው ካፖርት በበሩ ብቅ ሲል። ካፖርቱን የገዙላቸው ሟቿ ናቸው። ማንም እንዲያጥበው አይፈቅዱም፤ ሲሠሩ እንኳ አያወልቁትም። በአንዱ ኪስ ፒንሳ፣ በሌላው የቧንቧ ማሸጊያ ቴፍሎንና የላስቲክ ቁርጥራጭ ስለሚሸከም ካፖርቱ ከእርሳቸው በፊት ጎብጧል።

ክቡርነታቸው እንደገቡ በቀጥታ ወደ ማድ ቤት ይዘልቁና ማማሰያ ያነሣሉ። የማማሰያውን አንድ ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ ደግነው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «አያቴ ከግድግዳው ጋር ያወራሉ» ትላለች የልጅ ልጃቸው ለጓደኞቿ። አልዋሸችም። አንዳንዴማ ይዘፍኑለታል፦

አጥብቄው ብመጣ ጠብ አለ መልሶ፣
ሆዴ ነው መሰለኝ የማይጠግብ አልቅሶ።

ምራቲቱን ግን ዘፈኑ አያባብላትም። ባለፈው ብርድ ማሞቂያውን ሲያጥቡ ባሏ ፀጉሩ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ ሥራ ገብቷል። ከዚያ በፊት ደግሞ ምንም ያልሆነችውን የማድ ቤት ቧንቧ ፈትተው ገጠሟትና ወቅቱን ሙሉ ስታንጠባጥብ ከረመች። «ድሮም ልታፈስ ነበር፤ እኔ ቀደምኳት እንጂ» አሉ፣ ቅንጣት ሳያፍሩ። ስለዚህ ምራቲቱ አንድ ንግግር አጥንታ ይዛለች፦ «አባባ፣ ከእንግዲህ አይልፉ፤ ባለሙያ እንጠራለን።» አፏ ድረስ ይመጣል፤ ካፖርቱን ስታይ ይመለሳል።

ከሁሉ የሚያናድዳት ስም ጥሪው ነው። በዚህ ቤት ውሃ ተዘጋ ሲባል ሁሉም የየራሱን ቧንቧ ከፍቶ ካላየ አያምንም፤ ካየ በኋላ ደግሞ መዝጋቱን ይረሳል። ይህን የሚያውቁት ሊቀ ቧንቧ ዋናውን መዝጊያ ከመክፈታቸው በፊት ከአጥሩ ሥር፣ ከቆጣሪው አጠገብ ሆነው ይጣራሉ።

«ማድ ቤት?»

«ተዘግቷል!»

«ሻወር?»

«ተዘግቷል!»

«ላይኛው?»

ላይኛው ፎቅ ድሮ የባለቤታቸው ድርሻ ነበር። መልሱን እየዘፈኑ ነበር የሚመልሱት ይባላል፤ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶ ይስቅ ነበር። እርሳቸው ካለፉ ወዲህ ላይኛው ባለቤት የለውም። በቅርብ የተገኘ ሰው ይመልስለታል።

እና በዚያ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝናቡ ደመናውን ሰብስቦ ሊወርድ ሲያኮበኩብ፣ ሊቀ ቧንቧ መጡ። ቀን መርጠው አያውቁም። ምራቲቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሥራ ክፍሏ ከላይኛው መታጠቢያ ቤት ትክክል ሥር ነው። በክፍሉ መሐል፣ ልብስ በሚለካበት የእንጨት ምስል ላይ፣ የነገዋ ሙሽራ ነጭ ቀሚስ ቆሟል። ሙሽራዋ እኩለ ቀን ላይ ልትወስደው ትመጣለች። የቀረው የግርጌው ጠርዝ ብቻ ነው፤ ዙሪያውን በመርፌ ቁልፍ ተይዞ፣ ነፋስ ቢነካው የሚሸሽ ይመስላል።

«ዛሬ ባይሆንስ አባባ?»

«ዝናቡን ለምኚልኛ፣ ልጄ!»

ዋናውን ዘግተው ላይ ወጡ። በቱቦው የቀረው ውሃ እንዲወርድ የላይኛውን ቧንቧ ከፈቱ። ትናንሾቹ ብሎኖች በፍሳሹ እንዳይገቡባቸው ደግሞ መታጠቢያው ውስጥ ጨርቅ አነጠፉ፤ ጠንቃቃ ናቸዋ! ላስቲኩን ቀየሩ፣ ብሎኑን አጠበቁ፣ ተደሰቱ፣ ወረዱ። ጨርቁ እዚያው ቀረ። ቧንቧውም እንደተከፈተ።

ስም ጥሪው ሲጀመር ልጃቸው ባንድ እጁ የመኪና ቁልፍ፣ በሌላው የልጅቷን ጫማ ይዞ ከበሩ እየወጣ ነበር።

«ላይኛው?»

ቀና ብሎ እንኳ አላየም። «ተዘግቷል! ተዘግቷል! አባዬ፣ ረፍዶብናል!» ልጅቷን አቅፎ ሄደ።

ሊቀ ቧንቧ ትንሽ ቆሙ። ከዚያም ዋናውን ከፈቱት።

ምራቲቱ ተንበርክካ ጠርዙን ትሰፋለች። ሽማግሌው በሩ ላይ መጥተው ሲቆሙ ቀና አለች። ዛሬ እላለሁ አለች በልቧ፤ ዛሬ ካላልኩ መቼም አልልም።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር። ከእንግዲህ…»

«ዝም በይ!»

ፊቷ ቀላ። በገዛ ቤቷ!

«አባባ፣ ቀልዴን አይደለም…»

«ዝም በይ ስልሽ!» ማማሰያውን ግድግዳው ላይ ደግነዋል። ዓይናቸው ግን አልተጨፈነም። «ውሃ እየሄደ ነው። ቤት ውስጥ ማን አለ?»

«እርስዎና እኔ።»

ሁለቱም ባንድ ጊዜ ወደ ላይ አዩ። ኮርኒሱ ላይ፣ ከቀሚሱ አናት በላይ፣ የመዳፍ ስፋት ያላት እርጥብ ነገር ተቀምጣለች። እያዩዋት ሰፋች። መሐሏ አበጠ፣ ጠቆረ፣ አንዲት ጠብታ አንጠለጠለ።

ሽማግሌው ሮጡ። በሚያነክሰው እግራቸው ደረጃውን ሲረግጡ ትሰማለች፤ አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል፣ አንዱ ከባድ። ምስሉን ልትጎትት ሞከረች፤ እግሩ ምንጣፉን ነክሶ እምቢ አለ። ቀሚሱን እንዳታወልቀው በመርፌ ቁልፍ ተወጣጥሯል፤ ብትጎትተው ይቀደዳል። ያላት ነገር ገላዋ ብቻ ነው። በቀሚሱ ላይ ጎንበስ አለችና ጀርባዋን ለኮርኒሱ ሰጠች።

ጠብ። ማጅራቷ ላይ። ቀዝቃዛና ዝገት ዝገት የሚሸት። ጠብ። ሦስተኛውን ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች። ከላይ አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ፣ ቧንቧው ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ። ሦስተኛው ቀረ።

ቀሚሱን ዙሪያውን አየችው። ነጭ ነው። ላይ ስትወጣ ሊቀ ቧንቧን በሸሚዛቸው አገኘቻቸው። ያለ ካፖርት አይታቸው አታውቅም፤ እንዴት ያለ ቀጭን ሰው ኖረዋል! ካፖርቱ በሩ ሥር ተዘርግቶ፣ ወለሉን የሞላውን ውሃ ጠጥቶ፣ ጠቁሮ ተኝቷል። እርሳቸው በጉልበታቸው ተንበርክከው በሁለት እጃቸው ይጫኑታል።

«ልብሱ?» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«ደህና ነው።»

«አልነካውም?»

«አልነካውም አባባ።»

እጃቸው መጫኑን ተወ። «የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጨርቁንም ያነጠፍኩት እኔ። ልጁ ተዘግቷል ሲል ሰምቻለሁ። ድምፁ የእሷ እንዳልሆነ እያወቅሁ… ወጥቼ ማየት ነበረብኝ። አሁን ልትነግሪኝ የጀመርሽው ምን ነበር?»

ምራቲቱ ያጠናችውን ንግግር ፈለገችው። የለም።

«ካፖርቱን ይስጡኝ» አለች። «ይታጠባል።»

እኩለ ቀን ላይ ሙሽራዋ መጥታ ቀሚሷን ይዛ ሄደች። ኮርኒሱ ላይ የቀረችውን ቡናማ ክብ ባልየው ቀለም ሊቀባት ብዙ ጊዜ ተነሣ፤ ሚስቱ «ተዋት» አለችው።

ዝናቡ ገባ፣ ዘነበ፣ አባራ። ሊቀ ቧንቧ ግን አልመጡም። ቤቱ ጸጥ አለ፤ የሚያስፈራ ጸጥታ። ምራቲቱ አንድ ማለዳ ከስፌቷ ተነሥታ፣ ሰው እንዳያያት ዞር ዞር ብላ፣ ማማሰያውን ግድግዳው ላይ ስትደግን ራሷን አገኘችው። ምንም አይሰማም። ስልኳን አነሣች።

«አባባ፣ ማድ ቤት አንድ ድምፅ አለ።»

«ምን ዓይነት ድምፅ?»

«ኧረ እኔ ምኑን አውቄ! ራስዎ መጥተው ይስሙት እንጂ።»

መጡ። በሹራብ። ካፖርቱን አለበሰቻቸው፤ ታጥቧል፣ ገበሩ ተቀይሯል፣ በውስጥ በኩል ደግሞ ረጅምና ጠባብ ኪስ ወጥቶለታል። ግራ ገብቷቸው ዳሰሱት። ማማሰያውን ሰጠቻቸው፤ ልክክ ብሎ ገባ።

ኪሱን ገልብጠው ስፌቱን በጥፍራቸው ፈተሹ። «ይሄ ጥግ ሊተረተር ነው።»

«ድሮም ሊተረተር ነበር» አለች።

ዋናውን ዘግተው፣ የማድ ቤቱን ቧንቧ ፈትተው ገጠሙና ከአጥሩ ሥር ቆሙ።

«ማድ ቤት?»

«ተዘግቷል!» አለ ልጃቸው።

«ሻወር?»

«ተዘግቷል አያቴ!»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ላይኛው?»

ምራቲቱ ላይ ነበረች። ደረጃውን ወጥታ፣ መታጠቢያውን አይታ፣ እጇን ቧንቧው ላይ አድርጋ፣ መስኮቱን ከፍታለች። «ተዘግቷ…ል!» አለች፤ ሳታስበው ድምፅዋ ወደ ዘፈን ዘንበል አለ።

ግድግዳ ውስጥ የምትሄድ ጠብታ የሚሰሙት ሰው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«አልሰማሁም፤ እስቲ ድገሚው!»