ለቅሶ የደረሱ ቤቶች

ትናንት ማታ በሕልሜ፣ በምናድርበት መጠለያ ግቢ ረጅም ሰልፍ ነበር፤ የተሰለፍነው ግን እኛ አልነበርንም። ነርሷ ሲስተር ሰብለ ኩባያዋን ይዛ ሾርባ ትጠብቅ ነበር። ዘበኛው ጋሽ መርዕድ አንድ ብርድ ልብስ እንዲጨመርለት ይለማመጥ ነበር። ጭልፋውን የያዙት የአልጋ ጎረቤቴ እትዬ አመለወርቅ ናቸው።

«ስም?» አሉ ሲስተርን፣ እሷ እኛን ባስገባችን ቀን እንደጠየቀችን። «እስከ ዛሬ የት ስታድሪ ነበር?»

«ቤቴ» አለች ሲስተር አፍራ።

«አይዞሽ፣ ይለመዳል።» ሞልተው ቀዱላት። ከዚያ አስቀምጠው፣ ማታ ማታ ያበጠ እግራቸውን እንደምታሽላቸው፣ የሷን እግር አሹላት።

ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩና፣ «በይ እኔ ሞቻለሁ፤ ድንኳን ትከሉ» አሉ። ሴትዮዋ ሌላ ጭንቀት የላቸውም። መብራት ሊጠፋ ሲል ሁሌ የሚጠይቁኝ፣ «ቤት የሌለው ሰው ሲሞት ለቅሶ የሚደርሰው የት ሄዶ ይቀመጣል?» ብለው ነው።

ብርድ ልብሶቻችንን ሰፍተን ድንኳን ተከልን። እትዬ አመለወርቅ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው በሩ ላይ ተቀመጡ። ማንም አልመጣም። ዓይናቸውን ላለማየት የቀዘቀዘውን ንፍሮ ዝም ብዬ አማስል ነበር።

ከዚያ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ቤቶች እየተራመዱ መጡ። ፊት ፊት ከመጠለያው ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት በረንዳውን እየጎተተ መጣ፤ ቀጥሎ ከጎኑ ያለው ባለ ፎቅ ቪላ፣ በብረት በሩ ደረቱን እየደቃ።

«በረንዳዬ ላይ እንዳይተኙ ማታ ማታ ውሃ ሳስደፋ ነበር» ብሎ መድኃኒት ቤቱ አለቀሰ።

«እኔ ደግሞ ውሻ አስለቅቄባቸዋለሁ» አለ ቪላው።

ያጽናኗቸው ሟች ራሳቸው ናቸው። «ተዉ በቃ። እናንተ ምን ታደርጉ፤ የሚከፍተውም የሚዘጋውም ሰው ነው። ይልቅ ንፍሮ ቅመሱ።» ቤቶቹ በየመስኮታቸው ንፍሮ ቃሙ።

መጨረሻ ላይ አንዲት የጭቃ ቤት ቆርቆሮዋን ታቅፋ እያነከሰች ደረሰች። እትዬ አመለወርቅ ብድግ አሉ። ለመንገድ ሥራ ተብላ የፈረሰችባቸው ቤታቸው ናት።

«ቆየሽብኝ» አሏት።

«በላዬ አስፋልት አንጥፈውብኝ፣ ከሥሩ እስክወጣ ነው።»

መቃኗን ሳሙ። ከዚያ ገብተው ከውስጥ ዘጉ። ጥለውኝ መግባታቸው አንገበገበኝ። «እትዬ፣ እኔስ?» እያልኩ በሩን ደበደብኩ፤ ደበደብኩ።

ነቃሁ። የምደበድበው የአልጋዬን ብረት ነበር። ነግቷል። ሲስተር ሰብለ ከጎኔ ካለው አልጋ አጠገብ ቆማ አንሶላውን ወደ ላይ ትስባለች፤ የእትዬ አመለወርቅን ፊት አለበሰችው።

«ደብሪቱ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ዘመድ አላቸው? መርዶ የሚነገረው ሰው?»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። መድኃኒት ቤቱም ቪላውም ከቦታቸው አልተነቃነቁም።