ባለቀለሙ ጣሪያዬን ያየ ቀን

ጥድ በሚተከልበት አገር ሁሉ፣ ሰው የሚያስበረግግ አንድ ባለቀለም አይጠፋም። የኛው ክቡር ባለቀለም ቀይ ቀለሙን በጣሳ አንጠልጥሎ ጫካ ለጫካ ይዞራል። ቀይ ጭረት ያሰመረበት ዛፍ ይቆረጣል፤ የቀረው ቦታ አግኝቶ ይወፍራል። ማሳሳት ይሉታል። ታዲያ ሰውንም የሚያየው እንደዚያው ነው! ከእግሬ እስከ ራሴ ሲለካኝ፣ ቀለም ነክቶኝ እንደሁ ብዬ ቀሚሴን እዳስሳለሁ።

ቤት ሲገባማ ጉድ ነው። ወንበር ገልብጦ ያያል። በር ያንኳኳል፤ ሰው ሊጠራ እንዳይመስላችሁ፣ እንጨቱን ሊሰማ ነው። "ጉጥ አለው" ይላል፤ ቅርንጫፍ የወጣበትን የእንጨት ቋጠሮ ማለቱ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ስትዳር የሙሽሮቹን አልጋ ጎንበስ ብሎ አየና "ጉጥ አለው" አለ። ሙሽሪት እስከ ዛሬ ጠርዝ ላይ ነው የምትተኛው አሉ። እኔ አላየሁም፤ እናቷ ናት የነገረችኝ።

ባለፈው ሳምንት እኔ ቤት ገባ። ውሃ ልሰጠው ብድግ ስል ቀና ብሎ ጣሪያዬን የተሸከመውን አግዳሚ አየ። የቀለም ጣሳውን መሬት አስቀመጠ። ጣሳውን ከእጁ ሲያስቀምጥ አይቼ አላውቅም።

"ምነው፣ ተናገር እንጂ!"

"እማማ፣ ይሄ ከላይኛው ጫካ የመጣ ነው?"

"ሟቹ ባሌ ነው ያመጣው። ወፍራም ነው ብሎ መርጦ።"

"መወፈሩንማ ወፍሯል። ያኔ ጫካውን ሲያሳሱ ከልክ በላይ ቆረጡ። ዛፉ ሰፊ ቦታ ሲያገኝ ቅርንጫፉን አወፈረ፤ ቅርንጫፍ በወጣበት ሁሉ ይሄን የሚያህል ጉጥ። ይኸው፣ ስንጥቁ ከጉጡ ጀምሯል።"

ከአልጋዬ በላይ አግዳሚው ላይ ቀይ ጭረቱን አሰመረ። እሱ ወጣ፤ እኔም ተከትዬ ወጣሁ። ሦስት ቀን ጎረቤት እያደርኩ፣ ቀን ቀን ደጅ ተቀምጬ ቤቴን በሩቁ አየሁት። ነፋስ ተነስቶ ጣሪያው ሲጮህ እኔም እጮሃለሁ።

በአራተኛው ቀን ባለቀለሙ ከአንድ አናጢ ጋር ቀጥ ያለ እንጨት ተሸክሞ መጣ። በልኩ ከሳሳው ጫካ ራሱ የመረጠው ነው። አናጢው አሮጌውን ሲነቅል ጣሪያው ሲጢጥ ብሎ ዘቀጠ። ባለቀለሙ አልጋዬ ላይ ዘሎ ወጣና በትከሻው ደገፈው። የአንገቱ ሥር ተገታተረ፤ እግሩ ይንቀጠቀጣል።

"አንተ ሰውዬ፣ ውጣ ከዚያ! ቤቱ ይውደቅ፣ አንተ ውጣ!"

"አይጩሁ እማማ፣ አናጢው ይደነግጣል።"

አናጢው አፈር ይብላ! ሮጬ ገባሁ። ጣሪያውን ልደግፍ ብል ቁመቴ ከየት ይምጣ? እግሩን እቅፍ አድርጌ ቆምኩ፤ አዲሱ እንጨት ቦታውን እስኪይዝ አልለቀቅኩትም።