ዳዊት ያቸንፋል

ሰሞኑን አንዲት ጓደኛዬ ልጆቿን ከትምህርት ቤት አስወጥታ ቤት ውስጥ ልታስተምራቸው እንዳሰበች ስትነግረኝ፣ ሐሳቡን ከዓለም ሁሉ ቀድማ ያገኘች ነበር የምትመስለው። መጻሕፍቱን ከውጭ አዝዛለች። ለየልጁ ጠረጴዛ አሠርታለች። የሚያስተምርም ሰው ልትቀጥር ነው። ታዲያ አንቺ ምን ልትሠሪ ነው? አልኳት። እከታተላለሁ አለችኝ። ሳቄን ዋጥ አደረግሁ። የእኔን እናት ብታውቃት ኖሮ!

በደርግ ጊዜ ቦሌ ሚካኤል ነበር የምንኖረው። ያኔ ሰፈሩ ግማሹ ቤት፣ ግማሹ ማሳ ነው። ደግሞም ጴንጤዎች ነን። ስሙን ያወጡልን ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ እኛ ራሳችንን አማኞች ነበር የምንለው፤ ግን ማን ሰምቶን! የጸሎት ቤታችን ታሸገ። እማዬ አስተማሪ ነበረች፤ ግራ እጅሽን አውጥተሽ መፈክር አሰሚ ቢሏት፣ እጄን የማነሣው ለጸሎት ነው አለችና በዚያው ተሰናበተች። እኛም ብዙ አልቆየንም። ታላቅ ወንድሜ ኤልያስ ሰልፍ ላይ እጁን አጣጥፎ ቆመና ከትምህርት ቤት ተባረረ። እኔም አጣጥፌ ተገኘሁና ተከተልኩት። እውነቱን ለመናገር እኔ እጄን ያጣጠፍኩት በርዶኝ ነው። ግን ማን ጠየቀኝ? ቤት ስንደርስ እማዬ ለእምነቷ የቆመች ልጅ ብላ አቅፋ ስትስመኝ፣ ብርዱን ማንሣት ነውር መሰለኝ።

እንግዲህ አራት ልጆች ቤት ተቀመጥን። ኤልያስ አሥራ አራት፣ እኔ አሥራ አንድ፣ ሳሙኤል ሰባት፣ ትንሿ ሩት አራት ዓመቷ። አባዬ አውሮፕላን ማረፊያው መጋዘን ውስጥ ስለሚሠራ ቀን ቀን የለም። ሰሌዳችን የቁም ሣጥኑ በር ነበር። እማዬ ካለቀ ባትሪ ድንጋይ ውስጥ ጥቁሩን አውጥታ በጥብጣ ቀባችው። አባዬ ጠዋት ኮቱን ሊያወጣ በሩን ሲከፍት፣ ያልጨረስነው ሒሳብ ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ለኤልያስ ይህ ትልቅ እረፍት ነበር።

መጽሐፍስ? አንድ መጽሐፍ ቅዱስ። ለአራት ዕድሜ አራት ዓይነት ትምህርት የማዘጋጀት አቅም ያለው ማን ነው? ስለዚህ እማዬ ዘዴ ፈጠረች። በሳምንት አንድ ታሪክ ይመረጣል፤ ሁላችንም እንደየጥርሳችን ከዚያው እንበላለን። የኖኅ ሳምንት ኤልያስ የመርከቡን ስፋት ያሰላል፣ እኔ ስለ እንስሳቱ ድርሰት እጽፋለሁ፣ ሳሙኤል ስማቸውን በፊደል ይጽፋል፣ ሩት ደግሞ ትጮኻለች። አዎ፣ የቤት ሥራዋ መጮኽ ነው። አንበሳ ሲባል እንደ አንበሳ፣ አህያ ሲባል እንደ አህያ። ጎረቤታችን እትዬ በለጡ አንገታቸውን በአጥር አስግገው፣ አህያዋን በስንት ገዛችኋት ብለው ጠይቀውናል። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ትምህርቱ ይቆማል፤ አህያዋ ብቻ ትቀጥላለች።

ከዚያ የዳዊትና የጎልያድ ሳምንት መጣ። ጣጣው የመጣውም ያኔ ነው።

ኤልያስ የጎልያድን ቁመት በአባዬ ክንድ ለክቶ ግድግዳው ላይ በከሰል ሣለው። ግድግዳው አልበቃ ብሎ ጎልያድ ከአንገቱ በላይ ኮርኒስ ላይ ወጣ። ሩት የዳዊትን ድንጋዮች ትቆጥራለች። ሳሙኤል ደግሞ የሳምንቱን ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ እማዬ ቃል በቃል ታስጽፈዋለች። «ዳዊት ያቸንፋል» አለችው።

እማዬ የጎጃም ልጅ ናት። እናንተ ያሸንፋል የምትሉት በእሷ አፍ ያቸንፋል ነው። ሳሙኤል እንደሰማው ጻፈ። በሰሌዳ ብቻ መቼ በቃው! ከሰሉን ይዞ ወጣና፣ በመንገድ በኩል ባለው የኖራ ግድግዳችን ላይ ፊደሉን ጉልህ ጉልህ አድርጎ ጻፈው፦ ዳዊት ያቸንፋል።

ታዲያ ምን አለበት ትሉ ይሆናል። ያን ጊዜ አልነበራችሁማ! በየግድግዳው ላይ የሚጻፈው መፈክር ሁሉ መጨረሻው እገሌ ያሸንፋል ነው። መንግሥት የሚያሳድደው የኅቡዕ ድርጅት ልጆች ግን ያቸንፋል ብለው ነበር የሚጽፉት። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት። በ«ሸ» የጻፈ ወደ ቤቱ ይገባል፤ በ«ቸ» የጻፈ የት እንደሚገባ አይታወቅም።

ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ከበደ መጡ። በራችንን ወደ ጎን ዞረው ነው የሚገቡት፤ እንዲያ ያለ ሰውነት ነው ያላቸው። ከኋላቸው ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው የተላከ ቀጭን ካድሬ፣ ሽጉጡን ከወገቡ ላይ አድርጎ ገባ። ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ደጅ ቆሙ። እማዬ መጽሐፍ ቅዱሱን የምታደርግበት ስታጣ በርጩማው ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠችበት። በዕድሜዋ ሁሉ መጽሐፉን እጇን ሳትታጠብ ነክታው የማታውቅ ሴት! ካድሬው ጓዶች ሲገቡ ለምን አትነሺም ቢላት፣ ወገቤን አሞኛል አለች። ለዚያች ውሸት ስንት ጊዜ ንስሐ እንደገባች እኔ አውቃለሁ።

ካድሬው ዳዊት ማን እንደሆነ ጠየቀ። እማዬ አፏን ሳትከፍት ሩት ቀደመቻት። እሷ ጥያቄ ሲጠየቅ እጅ አውጥቶ መጠበቅ ገና አልተማረችም።

«ወንዝ ወርዷል» አለች።

«ምን ሊያደርግ?»

«ድንጋይ ሊለቅም። አምስት!» ጣቶቿን ዘረጋችለት።

«ድንጋዩ ለማን ነው?»

«ለትልቁ ሰውዬ። ግንባሩን ነው የሚለው!»

ይህን ስትል ጓድ ከበደን ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው። ለማነጻጸር ነበር። ካድሬው ግን ሌላ ነገር ነው የገባው። ጥበቃዎቹን ጠርቶ ወደ ቡልቡላ ወንዝ ሩጡ፣ ዳዊት የሚባለውን ያዙት አላቸው። ሮጡ። ከዚያ ሽጉጡን ጨበጥ አድርጎ ወደ እማዬ ዞረና ነጠላዋን እንድትለብስ አዘዛት።

እዚህ ላይ መቀለድ አልችልም። በሰፈራችን ለጥያቄ ብቻ ተብለው ወጥተው የቀሩ እናቶች ነበሩ፤ ልጆቻቸውን በስም አውቃቸዋለሁ። ሳሙኤል እኔ ነኝ የጻፍኩት እያለ ማልቀስ ጀመረ። እማዬ አይዟችሁ አለችን፤ ድምፅዋ ግን የእሷ አልነበረም። ከበርጩማው ብትነሣ ደግሞ መጽሐፉ ሊታይ ነው።

ጓድ ከበደ እስከዚያ ድረስ ኮርኒሱን ቀና ብለው የጎልያድን ራስ ነበር የሚያዩት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ በቀበሌ ስብሰባ ላይ በሚያወጡት ድምፅ ጀመሩ። ጓድ ካድሬ፣ ይህ ዳዊት የጭቁን አርብቶ አደር ልጅ ነው አሉ። በጎች ጠባቂ። ጎልያድ የተባለው ደግሞ እስከ ጥርሱ የታጠቀ ወራሪ ነው። ሰፊው ሕዝብ ፈርቶ ሲሸሽ ይህ ወጣት ብቻውን ታገለ፤ ይኸው ልጆቹ በሥዕል ሳይቀር አጥንተውታል። ኤልያስ ነቃ አለና በቁጥርም አጥንተናል ብሎ የወራሪውን ቁመት በሜትር ተናገረ።

ካድሬው ሽጉጡን ለቀቀ። ይህ ታጋይ ድርጅቱ የትኛው እንደነበር ጠየቀ። ጓድ ከበደ ከመደራጀት በፊት የነበረ ነው፣ ድርጅት ቢኖረውማ ወራሪውን ሁሉ በአንድ ጀንበር ይጨርስ ነበር አሉ። የ«ቸ»ውስ ነገር? አለ ካድሬው። ሴትዮዋ የጎጃም ሰው ናት፣ እኔ ራሴ አስተካክላለሁ ብለው ወጡ። በክርናቸው «ቸ»ን ጠርገው በከሰል «ሸ» አደረጓት። ካድሬው እንዲህ ያለው ጥናት በየቤቱ መስፋፋት አለበት ብሎ ሄደ። ጥበቃዎቹም እስከ ጉልበታቸው ረጥበው ተመለሱ፤ ወንዙ ውስጥ ድንጋይ እንጂ ዳዊት የለም ሲሉ ሰማኋቸው።

ጓድ ከበደ ግን ተመልሰው ገቡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የኤልያስ እናት፣ ተነሽ በይ፤ መጽሐፉ ይጎዳል» አሏት።

እማዬ ደነገጠች። ለካ ሰውዬው በልጅነታቸው የቄስ ተማሪ ነበሩ፤ ዳዊት ደግመዋል። እማዬ ደግሞ መጽሐፉን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን ብላ የምታምን ሴት ናት! ልጅቷን አርሚያት አሉ፤ የለቀመው አምስት ነው፣ የወረወረው ግን አንዱን ብቻ ነው። ከዚያ ዋጋቸውን ጠየቁ። ስምንት ዓመት የሞላት ልጃቸው አልማዝ ትምህርት ቤት መፈክርና ጭብጨባ እንጂ ፊደል አልተማረችም። ከሰኞ ጀምሮ ከልጆችሽ ጋር ትቀመጥ አሉ። እምቢ ይባላል?

አልማዝ መጣች። ጎበዝ ሆና ተገኘች። እማዬም ጎጃሟን ዋጥ አድርጋ «ሸ» ማለትን ከእሷ ጋር ተለማመደች። ለሳሙኤል ደግሞ ሁለተኛ ግድግዳ ላይ እንዳይጽፍ ብላ በከሰል ፈንታ ጠመኔ ብቻ ትሰጠው ጀመር። ለአልማዝ ግን ማን ይህን ነገራት?

አንድ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ በጓድ ከበደ ቤት የኖራ ግድግዳ ላይ፣ ከበሩ ጎን፣ ጉልህ ጉልህ የከሰል ጽሕፈት አየሁ፦ ጎልያድ ወደቀ። ዳቦውን ትቼ እየሮጥኩ እማዬን ጠራኋት። ነጠላዋን ገልብጣ ለብሳ መጣች። ወዲያው ጓድ ከበደም ወደ ጎን ዞረው ከበራቸው ወጡ። ግድግዳቸውን አነበቡ። እንደገና አነበቡ። መንገደኛው ቆሞ አንዴ ጽሕፈቱን፣ አንዴ እሳቸውን ያያል።

«ከዚህ ውስጥስ የምትታረመው ፊደል የትኛዋ ናት?» አሏት።

እማዬ ጠጋ ብላ በአስተማሪ ዓይን አንድ በአንድ አየችው።

«ምንም የሚታረም የለውም፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለቻቸው።