መዝሙር ሲጀመር የሚቆመው መስመር

ሐበሻ በተሰበሰበበት አገር ሁሉ፣ ሳይጠሩት የሚመጣ አንድ የዕቃ ሐኪም አይጠፋም። ስልክሽ ሳያስነጥስ በሽታውን ይነግርሻል፤ ደህናውን ፈትቶ ታማሚ ያደርገዋል። በቤይሩቱ ሰፈር በዓይን ኤል ረማነህ ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት መሐንዲስ ኮከብ ናቸው። በአዘቦቱ ቀን የማዳማቸውን ቤት ይወለውላሉ፤ እሑድ ግን በኪራዩ የጸሎት አዳራሽ "ኸላስ፣ በቃ ገባኝ!" እያሉ ሽቦ ይመዛሉ።

የአዳራሹን ኮምፒውተሮች የምትጠብቀው ትግስት ናት። ሁሉም በአንድ የኢንተርኔት መስመር የተያያዙ ናቸው፤ ከማዳም ቤት መውጣት ያልተፈቀደላቸው እህቶች ጸሎቱን ከየማድቤታቸው የሚካፈሉት በእነሱ ነው። ኮከብ ብቅ ባሉ ቁጥር ትግስት ልቧ ድንግጥ ይላል።

ከፋሲካ ወዲህ አንድ ነገር መጣ። መዝሙር ሲጀመር ኮምፒውተሮቹ በሙሉ ባንድ አፍታ ቀጥ ይላሉ። መብራት አልጠፋም፤ ጄኔሬተሩ ያጉረመርማል። የእህቶች ፊት ግን አፉን እንደከፈተ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ይቀራል። አዳራሹ ውስጥ ያሉት "ኧረ ቆመ!" ብለው ይጮኻሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል። ሲዘምሩ እንደገና ቀጥ። ስብከት ላይ ግን ንክች አያደርገውም።

የጸሎት መሪው ወንድም ነጋሽ፣ "መዝሙር የሚጠላ መንፈስ ነው" ብሎ ጾም አወጀ። ትግስትም ብቻዋን አዳራሹ ውስጥ መቅረት ፈራች።

"ሰይጣን ሶኬት አይነቅልም" አሉ ኮከብ። መጀመሪያ አዳራሹ ጥግ ያለውን ማይክሮዌቭ ከሰሱ፤ ተባረረ። ቀጥሎ የኮምፒውተሮቹን ገመድ፤ ተቀየረ። ከዚያ ትግስትን፦ "እጅሽ ያኒ፣ ማለቴ፣ ኤሌክትሪክ አለው፤ ስትቀርቢው ይፈራል።" ትግስት ጥግ ይዛ ዘመረች። መስመሩ አሁንም ቆመ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ኮከብ "እናንተ ዘምሩ" ብለው፣ የኢንተርኔቱን ገመድ በእጃቸው እየተከተሉ ደረጃውን ወጡ። ትግስትም ከኋላ ተከተለች። ገመዱ ፎቅ በፎቅ ወጥቶ ከአንድ የተቆለፈ በር በላይ ባለ ቀዳዳ ይገባል፤ አዳራሹ ኢንተርኔት የሚጋራው ከዚህ ቤት ነው። የቤቱ ሰዎች ፈረንሳይ ከሄዱ ሰነባብተዋል፤ እጀታው አቧራ ለብሷል። ከታች መዝሙሩ ተጀመረ። ከበሩ ወዲያ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ከታች "ኧረ ቆመ!" ተባለ።

ባዶ ቤት ውስጥ ማን አለ? ትግስት ልትሮጥ ዞረች። ኮከብ በሩን ደበደቡ።

"ማነህ አንተ የምትነቅለው?"

"እኔ ነኝ" አለ የሴት ድምፅ፣ በአማርኛ።

ነስሪያ ትባላለች። ማዳሟ ስልኳን ቀምታ ቆልፋባት ሄዳለች፤ ሩዙም ሊያልቅ ነው።

"ብጮህ መዝሙራችሁ ይውጠኛል" አለች ከውስጥ። "አንድ ቀን የኢንተርኔቱን ሳጥን ስነቅለው በአማርኛ ስትጮሁ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ስትዘምሩ ጠብቄ እነቅላለሁ። አንድ ሰው እንኳ ተናዶ ይመጣል ብዬ።"

ቁልፉ ያለው የሕንጻው ዘበኛ ጋ ነበር። ተጠርቶ ሲመጣ መሬት መሬት እያየ፣ "ማዳም ትቆጣለች" አለ።

ኮከብ በሩ ሥር ዘፍ ብለው ተቀመጡ። "እኔም ተቆጥቻለሁ። ያላ፣ ክፈት!"

ሲዘምሩ የነበሩት እህቶች ከአዳራሹ እየወጡ ደረጃውን ሞሉት። ዘበኛው አያቸው፤ ከፈተ።

ኮከብ የነስሪያን እጅ ይዘው ሲያወርዷት መገሠጽ ጀመሩ። "ሳጥን እንዲህ እየተመነጨቀ አይነቀልም፣ የኔ ልጅ። ይቃጠላል!" ነስሪያ እያለቀሰች ሳቀች። ከኋላ የምትከተለው ትግስት ግን መሐንዲሷ በሌላ እጃቸው ግድግዳውን እየተደገፉ ሲወርዱ አየች። ፈጠን ብላ ደረሰችና በሌላ በኩል ክንዳቸውን ደገፈች።