ሊቀ ጩኸት አብኔር እና የቀትር እንቅልፌ

በዚህ ዓለም ከሁሉ የሚከፋው ሰው ሌባ አይደለም። ሌባ ወስዶ ይሄዳል። የሚከፋው «እስቲ ይቺን ስሙልኝ» ባዩ ነው። በየመሥሪያ ቤቱና በየግቢው አንድ አይጠፋም። የስልኩን ማዳመጫ ጆሯችሁ ውስጥ ይሰካና ፊት ለፊት ቆሞ ፊታችሁን ያነባል። ብትስቁ ይቀየማል፤ ዝም ብትሉ ያልገባችሁ መስሎት ከመጀመሪያው ይጀምርላችኋል።

ለእኔ የደረሱኝ አብኔር ኦባንግ ናቸው። እዚሁ ጋምቤላ ከተማ፣ እትዬ ሰአዳ ግቢ፣ ከእኔ ክፍል በአንድ የጭቃ ግድግዳ ተለይተው ይኖራሉ። ሥራቸው የሒሳብ መምህርነት ነው፤ እሑድ እሑድ ለመዘምራኑ ኪቦርድ ይመታሉ። በቀረው ጊዜያቸው ሊቀ ጩኸት ናቸው። ሹመቱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ዕድሜያቸው እንኳ ከእኔ በብዙ ያንሳል፤ ለእናንተ ሳወራ አንቱ የምላቸው ከንዴት ብዛት ነው።

ክፍላቸው ውስጥ ራሳቸው እየቀዱ የሚሠሩት ሙዚቃ ሦስት ዓይነት ነው፤ መከራው ሦስቱም በአንድ ዘፈን ውስጥ መምጣታቸው ነው። መጀመሪያ ሜታል የሚሉት አለ። ከበሮው ገልባጭ መኪና ቆርቆሮ ላይ ጠጠር ሲያራግፍ ነው፤ እሳቸው ደግሞ በላዩ ከሆዳቸው ያጓራሉ። ከዚያ ሁሉም ቀጥ ይልና ባሮክ የሚባል፣ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በፈረንጅ ቤተ መንግሥት ይመታ የነበረ ሥርዓት ያለው ኦርጋን ይገባል። «ኧረ ይሄስ ደህና ነው» ማለት ስጀምር ኮምፒውተሩ ማፏጨትና መንተባተብ ያመጣል። ፊቴ ሲኮማተር ያዩና «ቆይ ሲስተር፣ ገና ነው! አሁን ነው የሚመጣው!» ይላሉ። ሁለት ዓመት ጠብቄ የመጣ ነገር የለም።

ሲስተር የሚሉኝ አዋላጅ ነርስ ስለሆንኩ ነው። የወሩን ግማሽ የሌሊት ተረኛ ነኝ። የሰው ጩኸት ሰምቼ አድሬ፣ ልብሴን አጥቤ፣ እህል ቀምሼ ጋደም የምለው ቀትር ላይ ነው። የጋምቤላን ቀትር የኖረበት ያውቀዋል። መሥሪያ ቤቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይዘጋል፣ ባጃጁ ማንጎ ሥር ይቆማል፣ ፍየል እንኳ አትጮህም። ሊቀ ጩኸት ታዲያ የሚቀዱት በዚህ ሰዓት ነው።

«አብኔር፣ በፈጠረህ፣ ለምን ማታ አትቀዳም?» ብዬ ለመንኩ።

«ማታ እንቁራሪት አለ። ጄኔሬተር አለ። ከተማው ጸጥ የሚለው ቀትር ላይ ነው።»

«ጸጥ የሚለው እኮ ሰው ስለሚተኛ ነው!»

«አዎ፣ በጣም ጥሩ ነው» አሉኝ፤ የተስማማን መስሏቸው።

ሽማግሌ ላክሁ፤ ሽማግሌውን ይዘው አስደመጡት። ግድግዳውን ብደበድብ ምቱን ወደዱትና ከወዲያ በኩል «ትንሽ ቀስ ብለሽ ድገሚው» አሉኝ። አንድ ቀን ግን ጨርቄን ልጥል ምንም አልቀረኝም። ከአልጋዬ ተስፈንጥሬ፣ አፌን ግድግዳው ላይ ለጥፌ «ኧረ በቃ! በቃ! በቃህ!» ብዬ ጮህኩ። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ እኔም አላውቅም ነበር።

አመሻሽ ላይ ማዳመጫቸውን ይዘው መጡ። ይቅርታ ሊጠይቁ መስሎኝ በሩን ከፈትኩ። ሰማሁት። ኦርጋኑ መሐል «በቃ! በቃ!» የምትለው እኔ ነኝ! ድምፄን ጎትተው፣ አወፍረው፣ ደራርበው የሴት ሠራዊት አድርገውኛል።

«እንዲህ ዓይነት ጩኸት ስፈልግ ነው የኖርኩት» አሉኝ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። ልሰድባቸው አፌን ስከፍት ስልካቸውን ወደ አፌ አስጠጉ።

ከዚያ ወዲህ በየቀትሩ እኔው በእኔው ላይ እጮኽ ጀመርኩ። ግቢው ይህን አልቻለም። አከራያችን እትዬ ሰአዳ ተከራዮቹን ሰብስበው ተቆጡ።

«ማጓራቱን ችዬው ነበር። አሁን ግን እዚያ ቤት ሴት ትጮኻለች። ወላሂ፣ መንገደኛው ምን ይለኛል? ሰው ይታረዳል አይለኝም?»

«እኔ ፑኝዶ መንገድ ላይ ሆኜ ጆሮዬ ውስጥ ትጮኻለች» አለ ሹፌሩ ዕዝራ። «ይውጣልን።»

«ሲስተር፣ ግድግዳ ለግድግዳ ያለሽው አንቺ ነሽ» አሉ እትዬ ሰአዳ። «ይውጣ ካልሽ በዚህ ወር ይወጣል።»

ልቤ ዘለለች። የምናገረውን ካዘጋጀሁ ቆይቻለሁ። ዞር ብዬ ሳየው ግን ልጁ (አንቱታዬን እዚህ ላይ ረሳሁት) ከክፍሉ ገና መውጣቱ ነው። ሲቀዳ ድምፁ እንዳይገባበት ፋኑን ያጠፋል፣ መስኮቱን በፍራሽ ይደፍናል። በዚያ ሙቀት! ሸሚዙ ገላው ላይ ተጣብቋል። ይውጣ መባሉን ሰምቶ የክፍሉን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

«ወዴት ልትሄድ ነው?» አልኩት።

«አቦቦ፣ አጎቴ ጋ። እየተመላለስኩ አስተምራለሁ።»

«መብራት አለው ቤቱ?»

«የለም» አለ። «ኪቦርዱን ለመዘምራኑ እተወዋለሁ። ሌላውን እሸጣለሁ።»

እንደ ሒሳብ መልስ ነው የተናገረው። አንጀቴን በላኝ፤ ምን ልዋሻችሁ።

«እትዬ ሰአዳ» አልኩ፣ «የምትጮኸው እኔ ነኝ።»

«ማ? አንቺ? ምን ሆነሽ?»

«ሙቀቱ ነው። አንዳንዴ ይነሳብኛል።»

ዕዝራ ወንበሩን ከእኔ ትንሽ አራቀ። እትዬ ሰአዳ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ «አላህ ያሽርሽ ልጄ፤ አንተም ድምፅህን ቀንስ፣ አታስነሳባት» ብለው ስብሰባውን በተኑ። ማታውን ማር የገባበት አብሽ ላኩልኝ። በዚህ ከተማ ስንቱን ልጅ ያዋለድኩ ሴት፣ ይኸው ቀትር ላይ የሚነሳባት ሆኜ ቀረሁ።

አመሰገነኝ ብላችሁ ነው? መጣና «ሲስተር፣ “እኔ ነኝ” ስትዪ ድምፅሽ በጣም ትንሽ ነበር። እንደዚያ አይቀዳም» አለኝ። በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁበት። ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ። እወደዋለሁ መሰለኝ ይህን መዓተኛ፤ እናቴ ያልወለደችልኝ ታናሽ ወንድም ነው፣ አንቆ መጣል የሚያሰኝ።

ትናንት ከተረኝነት ተመልሼ ቀትር ላይ ጋደም አልኩ። ከወዲያ በኩል ኮሽ የሚል ነገር የለም። ስመኘው የኖርኩት ጸጥታ! ተገላበጥኩ። ወዲህ ዞርኩ፣ ወዲያ ዞርኩ። እንቅልፍ የለም። በዚያ ሙቀት ፋኑን አጥፍቶ ራሱን ስቶ ይሆን? ተነስቼ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ።

«አንተ ልጅ! ምነው ዝም አልክ? አመመህ እንዴ?»

«ሲስተር፣ በናትሽ ዝም በዪ! እየቀዳሁ ነው።»

«ምኑን?»

«ዝምታውን። መጨረሻው ላይ የሚገባ።»

ፀሐዩ አናቴን እየመታኝ፣ ደጃፉ ላይ ትንፋሼን ይዤ ቆምኩለት።