ክንድህ እንዴት አደረ?

እመት ክንድህ ጠዋት ደም ባንኩ ሲገቡ ጋዋናቸውን ከመልበሳቸው በፊት ስልኩን ያነሳሉ።

«ክንድህ እንዴት አደረ?» ይላሉ። ስማቸውም የወጣው ከዚሁ ነው። ባለክንዱ ራሱ፣ ሚስቱና ልጆቹ እንዴት እንዳደሩ አይጠይቁም። ክንዱ ደህና ካደረ ሌላው እንደምንም ይሆናል ባይ ናቸው።

ነዝናዛ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ተራው ነዝናዛ ግን የሚነዘንዘው ለራሱ ስለሆነ ሲደክመው ይተዋል። የክብርት እመት ክንድህ ዓይነቱ ለሌላ ሰው ብሎ የሚነዘንዝ ነውና ድካም አያውቅም።

ይህን አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ጠንቅቆ ያውቃል። አንድ ቅዳሜ ጓደኛው ደም ሲለግስ አይቶ «እኔስ ከማን አንሼ» ብሎ ተኛ። ደሙን ሰጥቶ የሚሄድ መስሎት ነበር፤ እሳቸው ግን ሰውየውንም አስቀሩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየወሩ የሰው ደም የሚሰጣት አንዲት ትንሽ ልጅ አለች። ብዙ ደም ከመቀበሏ የተነሣ ሰውነቷ መራጭ ሆኗል፤ ዓይነቱ አንድ ነው የተባለውን እንኳ «ይሄ የኛ አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ተፈልጎ ተፈልጎ የሚስማሟት ሦስት ሰዎች ተገኙ፤ ሾፌሩ፣ አንድ የሒሳብ አስተማሪና አንድ በያጅ። ሰው ደም የሚሰጠው በሦስት ወር አንዴ ነውና ሦስቱ በየተራ ሲዞሩ ልጅቱ ወሩን ትሻገራለች። አንዱ ከቀረ ልጅቱ ደረጃ መውጣት ያቅታታል፤ ቀጥሎም መነሣት። ስለዚህ እመት ክንድህ ሦስቱን ጎልማሶች እንደ ጥገት ላም ይጠብቋቸዋል።

«ምን በላህ?»

«በልቻለሁ ሲስተር።»

«ምን በላህ ነው ያልኩት።»

«ዳቦ በሻይ።»

«ሻይ ደም አይሆንም። ሚስትህን አገናኘኝ።»

የሾፌሩ ሚስት መጀመሪያ ላይ በማለዳ የሚደውልለትን የሴት ድምፅ ጠርጥራ ነበር። አንድ ጊዜ ካወሩ በኋላ ግን ሰላይ ሆነችላቸው። «ትናንት ምሳውን አስተርፏል ሲስተር» ስትል በጆሮው ሰምቷል። ከዚያ ወዲህ በገዛ ቤቱ የሚተማመንበት ሰው የለውም።

መንገድ ላይም አይምሩትም። አንድ ቀን አውቶቡሱ ላይ ተሳፍረው፣ ቀይ መብራት ሲያስቆመው ጠብቀው፣ የታችኛውን የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣታቸው ወደ ታች ሳቡት። «ነጣ ብሏል» አሉ ጮክ ብለው። ሁለት ተሳፋሪዎች በሚቀጥለው ፌርማታ ወረዱ።

ታዲያ አንድ ጠዋት ደወሉና ክንዱን ሳይጠይቁ ቀሩ።

«በያጁ ተነቀሰ» አሉ። «የፍቅረኛውን ስም። የተነቀሰ ሰው ደግሞ ዓመት እስኪሞላው አይሰጥም።»

«የት ላይ ተነቀሰ?»

«የት ይሆናል? ክንዱ ላይ ነዋ።»

የሚመጣው ተራ የበያጁ ነበር። ሾፌሩ አላመነታም። «እኔ ልምጣ።»

«ከሰጠህ ገና መቼህ ነው? አትምጣ።»

«አንድ ጊዜ ምን ይለኛል?»

«አንተን አድርቄ የነገውን ከየት ላመጣ ነው? አትምጣ አልኩ እኮ።»

እስከዛሬ ና እያሉ የነዘነዙት ሴት አትምጣ ሲሉት ቅር አለው።

«ወንድም አለህ?» አሉ ቀጥለው። «የአንድ እናትና አባት ልጆች አንዳንዴ ይገጥማሉ።»

«አለኝ። አንነጋገርም።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«ሠርጌ ላይ ሚዜዬ ነበር። አማቾቼ ፊት ቆሞ፣ መንጃ ፈቃድ ስፈተን አራት ጊዜ እንደወደቅኩ ተናገረ።»

«አራት ጊዜ ወድቀሃል?»

«ሦስት ነው ሲስተር። አራት ብሎ አስሳቀብኝ።»

በሠርጉ ማግስት የተፀነሰው ልጅ አሁን ፊደል ቆጥሮ ጨርሷል።

«እንግዲህ ልጅቱ ደም የምታጣው በአንድ ፈተና ልዩነት ነው» አሉ እመት ክንድህ። «ሂድና አምጣልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ምንም አትበል። ክንዱን ጠይቀው።»

ሾፌሩ በዚያው ቀን ከሥራ ሲወጣ ሄደ። በሩን የከፈተለት ወንድሙ ከላይ እስከ ታች አየውና «ማን ሞተ?» አለ።

«ማንም እንዳይሞት ነው የመጣሁት። ክንድህ እንዴት ነው?»

ወንድምየው ተመረመረ፤ ገጠመ። እመት ክንድህ ወሬውን ለሾፌሩ ሲነግሩት አላመሰገኑትም፤ «እህትስ የለህም?» ብቻ አሉ።

አሁን ሾፌሩ ጠዋት የአውቶቡሱን ሞተር አስነሥቶ እስኪሞቅ ድረስ ስልኩን ያወጣል።

«ክንድህ እንዴት አደረ?»

«አሁንስ እንደ ሴትዮዋ ሆንክ» ይላል ወንድሙ ከእንቅልፉ ሳይነቃ። «አራት ጊዜ የወደቅክ ሰውዬ፣ ተወኝ ልተኛበት።»

«ሦስት ነው። ምን በልተህ ነው የተኛኸው?»

«ዳቦ በሻይ።»

«ሻይ ደም አይሆንም። ሚስትህን አገናኘኝ።»

ማክሰኞ የወንድሙ ተራ ነው።