አንድ ሰዓት ከምናምን በአየር

ርቀት ማለት በሁለት ቦታዎች መካከል ተዘርግቶ፣ አንዱ ጋ ያለ ሰው ሌላው ጋ እንዳይሆን የሚከለክል ነገር ነው። መሐንዲስ በኪሎ ሜትር፣ ሾፌር በምሳና በአዳር ይለካዋል። ከአሶሳ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሁለት ቀን፣ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ አንዱ ሰዓት አይደለም። ምናምኑ ነው።

ጎረቤቴ ሐጂ አብዱልቃድር ልጃቸውን ሐያትን ሊድሩ ነበር። ኒካሑ እሑድ፣ አዲስ አበባ፤ ልጅ የሚሰጠው አባት ነውና ያለ እሳቸው አይሆንም። አዲስ አበባ የምትኖረውና የወገባቸውን ሕመም የምታውቀው ሐያት የዓርብ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጣ ላከችላቸው፤ «አባ፣ በአውቶቡስ እንዳትሞክር!» ከሚል ትእዛዝ ጋር።

እኛ ሰፈር መንገደኛ ሳይሰናበት አይሄድም። በየቤቱ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ዱዓ ይደረግለታል፣ ማንጎ ይታሰርለታል። የአውቶቡስ መንገደኛ ጎህ ሳይቀድ ስለሚነሣ ይህን ሁሉ በዋዜማው ይጨርሳል። ሐጂ ግን አሰቡ፤ ጉዞው አንድ ሰዓት ከሆነ ስንብቱን ለጠዋት ማቆየት ምን ይጎዳል?

ዓርብ ጠዋት ላደርሳቸው ባጃጅ ይዤ ስመጣ ገና ሁለተኛው ቤት ተቀምጠዋል።

«ሐጂ፣ ያመልጥዎታል!»

«ያ ኡስታዝ» አሉኝ፤ አስተማሪ ስለሆንኩ እንዲያ ነው የሚጠሩኝ። «መጣ እንዴ? ሲመጣ ድምፁን እንሰማ የለ! አንተ ተማርክ ተማርክና ጆሮህን ማመን ተውክ።»

ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ። እኔም ተቀመጥኩ።

ሐጂን ሞኝ እንዳትሏቸው። አውቶቡስ እንኳ ጥሩምባ ነፍቶ ሰው ይጠራል፤ ታዲያ አውሮፕላን ያን ሁሉ ጩኸት የሚጮኸው ለምንድን ነው?

ድምፁ የተሰማው ከማዶ ጎረቤት ቤት ሳንወጣ ነው። ሐጂ ተነሥተው፣ ምርቃታቸውን አስጨርሰው፣ በክብር ባጃጁ ውስጥ ገቡ። ስንደርስ አውሮፕላኑ በአጥሩ በኩል ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«አባባ፣ መመዝገቢያው ተዘግቷል» አለች በሩ ላይ ያለችው ሠራተኛ።

«ቆሟል እኮ!» አሉ ሐጂ፣ በጣታቸው እያሳዩዋት።

እውነታቸውን ነው፤ ቆሞ ነበር። ከዚያ ሄደ።

እስከ እሑድ ያለው በረራ ሁሉ ሙሉ ሆነ። ሐጂ ለልጃቸው ደውለው «ወንበር ጠፋ፣ አላህ ያውቃል» አሉና ስልኩን ዘጉ፤ ቅዳሜ ንጋት ላይ ወገባቸውን በፎጣ ጠፍረው አውቶቡስ ተሳፈሩ። «ልጄ ብትጠይቅህ እንዳትናገር፣ ትቆጣኛለች» ብለው አስማሉኝ። ቃሌን መጠበቅ አልከበደኝም። እስከ እሑድ ማንም አልጠየቀኝም።

ሐያት ግን ተቀምጦ ማልቀስ አልሆነላትም። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውሮፕላን ቢሞላ፣ ወደ አሶሳ የሚመጣው ወንበር አለው። አባቷን ድንገት ላስደስት ብላ፣ ሙሽራውንና ሽማግሌዎቹን አስከትላ እሑድ ጠዋት ከተፍ አለች። ደጃቸው ላይ ያገኘችው እኔን ነው።

«አባቴስ፣ ኡስታዝ?»

መሐላዬን አሰብኩ። ፊቷን አየሁ። መሐላው ተሸነፈ።

«አንቺ ጋ ሄደዋል።»

«በምን?»

ወገቤን በእጄ ያዝ አደረግኩ። ገባት።

«በዚያ ወገቡ!»

ስልካቸው ተደወለ፤ አይሠራም። ደግሞ ተደወለ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ፤ ሙሽራው ሰማይ ሰማይ ያያል። ከሰዓት በኋላ ሐጂ ራሳቸው ደወሉ። ደርሰዋል።

ኒካሑ በስልክ ታሰረ፤ ሙሽሮቹ አሶሳ ተቀምጠው፣ አባት አዲስ አበባ የልጃቸው ቤት የተቆለፈ በር ፊት ለፊት ቆመው።